ነብር ማን ነው? የድመት ወገን አራዊት ስሞችና የትርጉም ዕጣቸው



ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በተማሪነቴ ዘመን «ነብር» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ «ታይገር» ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬም ያንኑ ስሕተት በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ሳርም የራሴን የእጅ ጽሑፍ ያየሁ ይመስለኛል። ታይገር የእስያ አውሬ ነው፤ በአፍሪካ ዱር አይገኝም። የእኛ ነብር እንግሊዞች «ሌፐርድ» የሚሉት ነው። በእኔ ግምት ለመደናገሩ አንዱ ምክንያት «ዝንጉርጉር» የሚለው ቃላችን ነው፤ ለነጠብጣቡም ለሰንበሩም ያገለግላልና።

የቃሉ ታሪክ ግን አያሻማም። ነብር በግእዝ ነምር፣ በዐረብኛ ነሚር፣ በዕብራይስጥ ናሜር፣ በአካድኛ ኒምሩ ነው። አማርኛ «ም»ን በ«ብ» ተካ እንጂ እንስሳውን አልለወጠም። መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት «ፓርዳሊስ» የሚለውን ቃል ሲያገኙ ድምፁን አልገለበጡም፤ ከአገራቸው የሚያውቁትን ነምርን አስቀመጡ። ይህ የጥሩ ተርጓሚ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ዘመዳም ቃላት ሁሉ አንድ ትርጉም ይዘው አይቆዩም። የዕብራይስጡ «አርዬ» አንበሳ ማለት ሲሆን፣ ዘመዱ የሆነው የግእዙ «አርዌ» አውሬ፣ ደግሞም እባብ ነው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የሚተረጉም ሰው አንበሳውን እባብ ያደርገዋል።

አውሮፓውያንም ከዚህ አላመለጡም። «ሌፐርድ» የሚለው ስም «አንበሳ» እና «ፓርዶስ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተጣመረ ነው፤ የጥንት ሰዎች እንስሳውን የሁለቱ ዲቃላ አድርገው ያምኑ ነበርና። «ቺታ» ደግሞ ከሂንዲ የተወሰደ ሲሆን ሥሩ በሳንስክሪት ዝንጉርጉር ከማለት ጋር ይገናኛል። እኛ አቦሸማኔ እንለዋለን። በስሙ ውስጥ «ሸማኔ» ስለተሰማን ብቻ የሽመና ተረት ልንፈጥርለት አይገባም።

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ደጃፍ ይነገራሉ። ነብሩ ቄረንሳ፣ አንበሳው ሌንጫ ይባላል። በሶማልኛ ነብር ሸቤል ነው፤ የዋቢ ሸበሌም ስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካርታችን ላይ ሳናስተውለው የነብር ስም ይፈስሳል።

ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። የአቦሸማኔ ግልገሎች በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሕገወጥ መንገድ እየተያዙ ወደ ውጭ ይሸጣሉ። የተያዘው ግልገል በሰነድ ላይ «ነብር» ተብሎ ቢመዘገብ፣ ያ ሰነድ በእንግሊዝኛ «ታይገር» ተብሎ ቢመለስ፣ አቦሸማኔው ከመዝገብ ይጠፋል፤ በአገራችን የሌለ አውሬም በወረቀት ይወለዳል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ስም ከመተርጎማችሁ በፊት እንስሳውን ዕወቁ።