ከዝገቱ በታች ያለው ብረት
የአሮጌ ዲፈረንሻል አጸዳድ ታሪክ በምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚያመራ የጭነት መኪና ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የዓባይን በረሃ መውረድ ይጀምራል። እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በቁልቁለቱ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ አይደለም። ልምድ ያለው ሹፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን እንደ ልጓም ይጠቀምበታል። ይህ ልጓም ወደ ጎማው የሚደርሰው ግን በአንድ በር ብቻ ነው፤ በሩም ዲፈረንሻል ነው። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ቢሰበር ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ የጭነቱ ክብደት በሙሉ፣ ምናልባትም አስቀድሞ በጋለው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከመጋዘን ወይም ከፈረሰ መኪና የወጣን አሮጌ ዲፈረንሻል ከመግጠም በፊት ዝገቱን ማራገፍ፣ ለተለማማጅ ልጅ ብቻ የሚተው የጽዳት ሥራ ሊሆን አይገባውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ ከየት እንደመጣና በምን መንገድ እንደተጓዘ ለሙያ ባልደረቦች ማሳሰብ ነው። በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰዎች ዝገትን ለማስለቀቅ ምን ጊዜም ብልሃት አላጡም። ያስቸገራቸው ዝገቱ ሲለቅ ብረቱ አብሮ እንዳይሄድ ማድረግ ነበር።

መኪና መንገድ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት መሄድ አለበት። ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ አጥብቆ ማሠር ጎማውን ያስፍቃል፣ ዘንጉንም ያጣምማል። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነውን የጥርስ ስልት ለተሽከርካሪ ያበጀው ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔክዌር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. የ1820ዎቹ መጨረሻ ነው። የሚያስደንቀው ነገር ስልቱ የተሠራው በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ መሆኑና የቤንዚን ሞተር ገና ያልተፈጠረ መሆኑ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ ሃይፖይድ የሚባለውን ጥርስ በመኪናዎቹ ላይ አዋለ። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ፒኞኑ ከኮሮናው መካከለኛ መሥመር ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ጥርሶቹ መንከባለል ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው በኃይል ይንሸራተታሉ። ተራ ዘይት ይህን ጫና ስለማይችል ድኝን የመሰሉ ቅመሞች የገቡበት ልዩ የማርሽ ዘይት አስፈለገ። ከዚያ ወዲህ የጥርሱ ገጽ ልስላሴ የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዕድሜ ጉዳይ ሆነ።

ወደ አገራችን የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የደረሰችው በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ያመጣት ሲድሊ የተባለች መኪና ነበረች። የከባድ መኪና ሙያ በስፋት የገባው ግን ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ፊያት 634 የተባለው የጭነት መኪና በሕዝቡ አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ሆነ፤ ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ» ተብሎ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን እህልና ሸቀጥ ተሸከመ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ቢባረርም የሥራው ቋንቋ ቀረ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቦሎኒና ዳዶ የምንለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ከቃላቱ ጋር የተወረሰ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም አዲስ ዕቃ በማይገኝበት ጊዜ አንዱን መኪና አፍርሶ ሌላውን ማዳን ነው።

ይህ ልማድ በምሥራቅ ጎጃም ሥር የሰደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ነበር። ጤፍና ስንዴ የሚያመርት ሰፊ አገር ቢሆንም የመለዋወጫ መደብሩ ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነበር። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ እጥረት በበረታ ጊዜ ያሮጌ ዕቃ ዋጋ ይበልጥ ከፍ አለ። በዚያው ዘመን በደጀንና በቢቸና መካከል ባለው አገር የጥኖራ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር በአርአያነቱ ስሙ በሰፊው ይነሣ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ እንደ ብዙዎቹ አምራች ማኅበራት እርሱም ፈረሰ። አደረጃጀት ሲለወጥ መሬቱ ወዲያው አዲስ አራሽ ያገኛል፤ የቆመ ትራክተርና የቆመ መኪና ግን ባለቤቱ እስኪታወቅ ክረምት ይፈራረቅበታል። ሰው ስለ ንብረቱ ሲከራከር ዝገት ሥራውን አያቋርጥም።

ዝገት እንዲፈጠር ብረት፣ አየርና ውኃ መገናኘት አለባቸው። ውኃው የግድ ዝናብ መሆን አያስፈልገውም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን በዓይን የማይታይ የውኃ ሽፋን ብረቱ ላይ ስለሚያርፍ ዝገቱ ይፋጠናል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ናቸው፤ ቀን ፀሐይ ያሞቀው የቆርቆሮ መጋዘን ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ብረት ያልበዋል። ዘይቱ ተደፍቶለት ክዳኑ ሳይዘጋ የተቀመጠ ዲፈረንሻል በአንድ ክረምት ቀይ አቧራ ይለብሳል። በእጅ ሲነኩት የሚቀረው ላብ ጨው ስላለበት የጣት አሻራው እንኳ በዝገት ተቀርጾ ይታያል።

ዝገትን የማስለቀቅ ጥበብ ከመኪና እጅግ የቀደመ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ቢላዋን በአሸዋና በአመድ ይፈትጉት፣ የደበዘዘውን ዕቃ በሎሚ ያሹት ነበር። እነዚህ ሁለት ልማዶች ዛሬም በሙያችን ያሉትን ሁለት መንገዶች ይወክላሉ፤ አንደኛው መፋቅ፣ ሁለተኛው ማሟሟት ነው። ጋራዦቻችን በአብዛኛው የመረጡት የመጀመሪያውን ነው። የብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም ግራይንደር ተከታትለው ገቡ። ለዲፈረንሻሉ ውጫዊ ቤትና ለክዳኑ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ለጥርሱና ለኩሽኔታው መቀመጫ ግን ጉዳት አለው። የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ውስጡ ለዘብ ያለ ብረት ሲሆን፣ ጫናውን የሚሸከመው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ያለው የጠነከረ ቆዳ ነው። ፒኞኑን በቦታው የሚያስተካክለው ስስ የብረት ቀለበት የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። በእንዲህ ያለ ልክ በተሠራ ዕቃ ላይ ግራይንደር ማሳረፍ የወርቅ ሚዛንን በድንጋይ እንደማስተካከል ነው። ከዚህም ሌላ ከብርጭቆ ወረቀቱ የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ በኩሽኔታው ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ከዘይቱ ጋር እየዞረ ጥርሱን ይፈጫል።

በኢንዱስትሪ አገሮች የተመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነበር። ፋብሪካዎች ዝገትን በድኝ አሲድ፣ በኋላም በጨው አሲድ ያሟሙት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1875 ዊልያም ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ አሲድ ውስጥ የቆየ ብረት ተሰባሪ እንደሚሆን፣ የተሰበረውንም ገጽ ውኃ ሲያርሱት የጋዝ አረፋ እንደሚያወጣ፣ በጊዜ ብዛትም ጥንካሬው እንደሚመለስ ገለጠ። አሲዱ ብረቱን ሲበላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባ ነበር። ብረቱ በጠነከረ መጠን ይህ ሕመም ይብሳል፤ የዲፈረንሻል ጥርስ ደግሞ በመኪናው ውስጥ ካሉት ብረቶች እጅግ ከጠነከሩት አንዱ ነው። ስለሆነም የባትሪ አሲድን ለዚህ ሥራ ማዋል፣ ጥርሱን በአንድ ሰዓት አብርቶ በአንድ ቁልቁለት ማሰበር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትምህርት ማጽዳትንና መከላከልን አገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1906 ቶማስ ኮስሌት ብረትን በፎስፌት ሽፋን ከዝገት የመጠበቅ ዘዴን አስመዘገበ። ዛሬ ብዙ አዳዲስ ጥርሶች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚታይባቸው ጥቁር ግራጫ መልክ ከዚሁ ዘዴ የመነጨ ሲሆን፣ ዘይት ይዞ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጥርሱን ያለሰልሳል። እንግዲህ ጥቁሩን ሁሉ ዝገት ነው ብሎ መፋቅ ጋሻን አውልቆ እንደመጣል ይቆጠራል።

ከታሪኩ ወደ ሥራው ስንመለስ፣ በትንሽ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሊፈጸም የሚችለው ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ዕቃው በነጭ ጋዝ ታጥቦ ያረጀው ዘይት ይወገዳል፤ ቅባት ያለበትን ገጽ ሌላው ፈሳሽ አይነካውምና። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው የተሟረዱ ጥንዶች ስለሆኑ የተቀረጸባቸው ቁጥር ይነበባል፣ ይመዘገባል፤ ቁጥሩ የማይገጥም ጥንድ ቢያበራም አይገጠምም። ስስ የዝገት አቧራ ያለበት ጥርስ በዘይት በራሰ ጨርቅና በነሐስ ብሩሽ ሲታሽ ይለቃል። ጠንከር ያለው በሲትሪክ አሲድ ይነከራል፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም በቂ ነው። የሎሚ ጭማቂ ራሱ ከዚሁ የሚቀራረብ የሲትሪክ አሲድ መጠን ስላለው የእናቶቻችን ዘዴ ከኬሚስትሪው የራቀ አልነበረም። ይህም ቢሆን አሲድ ነውና በየሰዓቱ እያዩ ዝገቱ እንደለቀቀ ማውጣት እንጂ አሳድሮ መርሳት አይገባም። ከዚያም በሶዳ ውኃ ይለቀለቃል፣ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ወዲያውኑ ደርቆ ዘይት ይቀባል፤ እርጥብ ሆኖ የቆየ ንጹሕ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይቀላልና። በባትሪ ቻርጀርና በሶዳ ውኃ የሚደረገው የኤሌክትሪክ ዘዴም ለቤቱና ለክዳኑ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሚጸዳው ዕቃ ላይ ሃይድሮጅን ስለሚፈጥር ለጠነከረ ጥርስ አይመከርም። በእሳት ማጋልም እንዲሁ ነው፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ጥርስ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል።

ኩሽኔታን በሚመለከት ብዙ ማሰብ አያሻም። በኳሱ፣ በሲሊንደሩ ወይም በቀለበቱ መንገድ ላይ ዝገት ስርጉድ ከፈጠረ ያ ኩሽኔታ አብቅቶለታል፤ ማንም ሊያድነው አይችልም።

ጽዳቱ ሲያልቅ ምርመራው ይጀምራል፤ የሥራው ፍሬ ነገርም ያለው በዚህ ላይ ነው። ዝገት የለቀቀበትን ገጽ በጥፍር ሲዳስሱት ጥፍር የሚይዝ ስርጉድ ካለ፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር ጥርሱ ታምሟል። ስርጉዱ ጫና የሚሰበሰብበት ነጥብ ይሆናል፤ ከነጥቡ ስንጥቅ ይወለዳል፤ ስንጥቁ በእያንዳንዱ ዙር በጥቂቱ እያደገ የብረት ድካም የምንለውን ስብራት ያመጣል። በዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ መኪናውን ሲጎትት የሚሠራው የኮሮና ጥርስ ገጽ ወደ ውጭ የጎበጠው ነው፤ ዘወትር ስለሚፋተግ ያበራል፣ ሰውም እርሱን አይቶ ይረካል። በቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን ሲገፋ ጫናውን የሚቀበለው ግን ተቃራኒው፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደው ገጽ ነው። ዝገት ተደብቆ የሚቆየው በዚህ በጥላው በኩል ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት የሚፈትነውም ይህንኑ ገጽ ነው።

ከዓባይ በረሃ ድልድዮች አዲሱ፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ፣ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ተከፍቷል። መኪናዎቹም ተለውጠዋል፤ ኤንትሬ በአብዛኛው ለአይሱዙና ለሌሎች ቦታውን ለቅቋል። ቁልቁለቱ ግን ያው ነው፤ አሮጌ ዕቃ አጽድቶ የመግጠም ልማድም አልቀረም፣ የሚያሳፍርም አይደለም። እኛ መሐንዲሶች ይህን ሥራ ንቀን ለልማድ በተውነው መጠን ግራይንደሩና የባትሪ አሲዱ ቦታውን ይይዙታል። በሠለጠነ ቋንቋ የተጻፉትን የጥገና መጻሕፍት ትምህርት መካኒኩ በሚናገርበት አማርኛ፣ በካምቢዮውና በኩሽኔታው ስም፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ጋራዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከማኅበራችን አባላት ለማንኛችንም የሚከብድ ሥራ አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ደግሞ ጥርሱን ከሁለቱም በኩል መመልከት የሚለው ነው።