የተከፈተው ሣጥን

በርካሽ የተገዛ የሲዲ ማጫወቻን ጀርባውን አዙሮ የሚያይ ሰው አንዲት ትንሽ ማስጠንቀቂያ ያነብባል፤ ውስጡ የሌዘር ጨረር አለ፣ አትክፈት የምትል። የዚህን ዕቃ ታሪክ የሚከታተል አንባቢ ግን፣ ማስጠንቀቂያዋን አንብቦ ብሎን መፍቻውን የሚያነሣ ሰው ከዕቃው ብዙም በዕድሜ እንደማያንስ ይረዳል። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምን ፈለጉ? ምንስ አገኙ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከአንድ ክርክር ይጀምራል። የኔዘርላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ በ1979 አብረው ሲመክሩ፣ እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና በስንት ቢት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ አከራከራቸው። ፊሊፕስ 14 ይበቃል አለ፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚመልሰው ቺፑ የተሠራው በዚያ ልክ ነበርና። ሶኒ በበኩሉ 16 ካልሆነ አለ። የመጀመሪያው 16,384 የድምፅ ደረጃዎችን ይለያል፤ ሁለተኛው 65,536። በመጨረሻ የሶኒ ሐሳብ ጸና፤ በ1980 በተደነገገው ደረጃም ሲዲ በእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ናሙናዎችን፣ እያንዳንዱን በ16 ቢት እንዲይዝ ተወሰነ።

የፊሊፕስ መሐንዲሶች እጅ የቀረው ግን ያው የ14 ቢት ቺፕ ነበር። አልጣሉትም። ናሙናዎቹን በአራት እጥፍ አብዝተው፣ በሰከንድ 176,400 አደረሷቸውና ቺፑ በጥራት ያጣውን በፍጥነት ካሱት። በዚህም ሌላ ጥቅም አገኙ፤ ከቺፑ በኋላ የሚመጣው ማጣሪያ እንደ ገደል የሚቆርጥ መሆኑ ቀርቶ ለዘብ ያለ ሆነ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከታሪኩ ሁሉ ውቡ ክፍል ይህ ነው። ርካሽ ማጫወቻን የማሻሻል ጥበብ የጀመረው በቤት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በፋብሪካው ውስጥ፣ በሌለው ፋንታ ባለው መጠቀም ግድ ሲሆን ነው።

ሶኒም ቢሆን ቆጥቧል። ጥቅምት 1 ቀን 1982 በጃፓን በ168,000 የን ለገበያ የቀረበው ሲዲፒ-101 ለግራና ለቀኝ ያለው ቺፕ አንድ ብቻ ነበር። በየተራ ስለሚያገለግላቸው አንዱ ከሌላው በ11 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይዘገይ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ በአየር ላይ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይጓዝም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራስን ጥቂት ማዘንበል ከዚህ የበለጠ ልዩነት ያመጣል። ቢሆንም ጆሮዬን ቆረቆረኝ፣ ድምፁ ደረቀብኝ የሚል አልጠፋም።

ቅሬታው ባለበት ብሎን ፈቺው አለ። በእንግሊዝ ሜሪዲያን የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ አጋማሽ የፊሊፕስን ማጫወቻ ወስዶ ውስጡን አሻሽሎ በራሱ ስም ሸጠ። በአሜሪካ ደግሞ የፊሊፕስ ማጫወቻ ማግናቮክስ በሚል ስም በርካሽ ይሸጥ ስለነበር የቤት ውስጥ ባለሙያዎች መማሪያ ሆነ። ከእነርሱ መካከል ስሙ የሚነሣው ዋልት ጁንግ ነው። ጁንግ ከሪቻርድ ማርሽ ጋር በ1980 ስለ ካፓሲተር አመራረጥ ኦዲዮ በተባለው መጽሔት ጽፎ ነበር፤ ተራ ዕቃን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል የሚለው ትምህርቱም ኋላ ማግናቮክስ ዘንድ ደረሰ።

ሥራው ምን ነበር? ድምፁ ከቺፑ ወጥቶ እስከ ጀርባው ሶኬት የሚሄድበትን መንገድ እንደ አንድ ጎዳና አስቡት። በጎዳናው ላይ ደካማውን ሞገድ የሚያጠነክር ኦፕ-አምፕ አለ፤ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ አግዶ ሙዚቃውን የሚያሳልፍ ካፓሲተር አለ፤ ማጫወቻው ሲበራና ሲጠፋ የሚሰማውን ጓታ የሚያፍን ትራንዚስተር አለ። ፋብሪካው በእያንዳንዱ ላይ ሳንቲም ቆጥቧል። የቤቱ ባለሙያ የቁጠባውን ፈለግ ተከትሎ ይሄዳል፤ ኦፕ-አምፑን ይለውጣል፣ ኤሌክትሮሊቲኩን ካፓሲተር በፊልም ካፓሲተር ይተካል፣ ለኃይል ምንጩ ተጨማሪ ማረጋጊያ ያበጃል። (ይህን የሚሞክር አንባቢ ካለ ገመዱን ከነቀለ በኋላም ጥቂት ይታገሥ፤ ካፓሲተር የያዘውን ኤሌክትሪክ ወዲያው አይለቅም።)

በ1996 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጃፓናዊው ሪዮሄይ ኩሱኖኪ ያን የተደነቀውን ናሙና የማብዛት ዘዴ ከነማጣሪያው አስወግዱት ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። የዚህ ዋጋ በስሌት ይታወቃል፤ በ20,000 ኸርዝ ላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የፋብሪካው ብልሃት በቤት ባለሙያው ዘንድ ጉድለት ተብሎ ተነቀለ ማለት ነው! ኋላም ያገለገለ የሶኒ ፕሌይስቴሽን፣ የልጆች መጫወቻ የነበረው፣ እንደ ሲዲ ማጫወቻ ተፈልጎ ይከፈት ጀመር፤ ስቴሪዮፋይል መጽሔትም በ2008 ገመገመው።

በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ሰዎች በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት አንድ ጥናት አሳተሙ። ከሲዲ የላቀ ጥራት ያለውን ቅጂ በቀጥታ፣ እንዲሁም ወደ ሲዲ ልክ አውርደው አሰሙ፤ ሰሚው የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገረውም። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ። ከግማሽ በአንድ ያነሰ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የራሴን ሥራ ለመፈተን ደፈርሁ። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ያገለገሉ ማጫወቻዎች ነበሩኝ። አንደኛው ዲስክ ላይ ይዘልል ስለነበር ከፍቼ የላላ ብየዳ አገኘሁበትና ጠገንሁት፤ መዝለሉ ቀረ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። እጄ ከገባ አይቀር ብዬ ግን ካፓሲተሮቹንና ኦፕ-አምፑንም ለወጥሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በአራተኛው ሌሊት የበገና ዲስክ አስገብቼ ስሰማ፣ ጅማቱ ሥር ያለችው ቆዳ የምትፈጥረውን ንዝረት ገና ዛሬ የሰማሁት መሰለኝ፤ ሰው ቀስቅሼ ባስነግር ደስ ባለኝ።

ታናሽ እህቴ መፈተኑን ያዘችልኝ። የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርገን፣ እርስዋ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና 20 ጊዜ አቀያየረችልኝ፤ መልሴንም በደብተር መዘገበች። 11 አገኘሁ። እርስዋ ሳትሰማ፣ ሳንቲም ወርውራ ብቻ 12 አገኘች።

ደብተሩን ዘግታ «ታዲያ የትኛውን ልውሰድ?» አለችኝ። ያልተከፈተውን ሰጠኋት። የተከፈተው እኔ ዘንድ ነው፤ በገናውን ማታ ማታ የምሰማው ዛሬም በእርሱ ነው።