የሚዛን ተፈሪ ሕዝብ በመዝገብና ከመዝገብ ውጭ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በፈረንሳይ አገር ኮሚዩን የሚባለው የመጨረሻው ትንሽ የአስተዳደር ክፍል ቁጥሩ ወደ 35 ሺህ ይጠጋል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ እያንዳንዳቸው 500 ነዋሪ እንኳ አይሞላቸውም። ሆኖም በወይን ተክልና በከብት ግጦሽ መካከል የተቀመጠችው የገጠር መንደር ሁሉ ከንቲባ አላት፤ በከንቲባውም ጽሕፈት ቤት ማን እንደ ተወለደ፥ ማን ማንን እንዳገባ፥ ማን በየትኛው ቀን እንደ ሞተ የሚጻፍበት መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ከ1785 ዓ.ም. ጀምሮ ተይዟል። እንግዲህ ይህን መለኪያ ይዘን ወደ አገራችን ደቡብ ምዕራብ፥ ወደ ሚዛን ተፈሪ ብንወርድ ምን እናገኛለን?

ሚዛን ተፈሪ በጅማና በቦንጋ በኩል ሲኬድ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደን በተከበበ ኮረብታማ ስፍራ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በገበያዋ ቡናው፥ ኮረሪማው፥ ጥምዙ፥ ማሩና ጎደሬው ጎን ለጎን ይሸጣል። ጆሮውን ጣል ላደረገ ሰው ደግሞ ቤንችኛው፥ ሸኮኛው፥ ካፍኛው፥ አማርኛው፥ ኦሮምኛውና ጉራግኛው ተደባልቆ ይሰማዋል። ከእነዚህም የቤንች ቋንቋ ለሊቃውንት ትልቅ መደነቂያ ሆኗል፤ አንዲት ቃል የድምፁ ከፍታና ዝቅታ በተለወጠ ቁጥር ትርጕሟ የሚለወጥ ሲሆን፥ የድምፁም ዓይነት ስድስት ነው። ስለዚህም ቤንቾች ቃል ሳያወጡ በፉጨት ብቻ መነጋገር ይችላሉ። ቀድሞ የመንግሥት ወረቀት እነርሱንና ጎረቤቶቻቸውን በአንድነት «ጊሚራ» እያለ ይጽፋቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤንች ይላሉ።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የሚዛን ተፈሪ ሕዝብ ከ10 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን 34 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በቢሮ ተቀምጣችሁ ሰንጠረዥ የምታገላብጡ አንባቢዎች ይህን ስታዩ «ከተማይቱ በ12 ዓመት ሦስት እጥፍ አደገች» ብላችሁ እንዳትጽፉ አደራ እላለሁ። ሁለተኛው ቍጥር ጎረቤቷን አማንን ጨምሮ ሚዛን አማን በሚል ስም የተቆጠረ ነውና። እርግጥ ነው፥ ከተማይቱ አድጋለች፤ ነገር ግን ከዕድገቱ ምን ያህሉ የሰው መብዛት፥ ምን ያህሉ የወሰን መስፋት እንደ ሆነ ሳይለዩ መናገር ጸሓፊን ያስተዛዝባል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በዚያን ዘመን በብዙዎቹ ከተሞቻችን ሴቶች በቍጥር ይበልጡ የነበረ ሲሆን፥ በዚህ ግን የሚበልጠው ወንዱ ነው። ይህም የቡና አገር ጠባይ ይመስለኛል፤ ለቀማና ንግድ ፍለጋ አስቀድሞ የሚመጣው ወንዱ ነውና።

ይሁን እንጂ የቆጠራ ወረቀት ያለውን ሰው እንጂ የጐደለውን አይናገርም። በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ ያለውን ጥቅጥቅ ደን የሚያይ መንገደኛ «ይህን የመሰለ ለም አገር ሰው ሳይኖርበት እንዴት ቀረ?» ብሎ ይገረማል። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ካፋ ዘምተው ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ድል ካደረጉ በኋላ፥ የጊሚራም አገር ለወታደሩ በገባርነት ተደለደለ። ከዚያም ፈንጋዩ ተነሣ። ዝሆን ገዳዩ፥ ጠመንጃ ነጋዴውና ባሪያ ፈንጋዩ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ ጥርሱን ሸጦ ጠመንጃ ይገዛል፥ በጠመንጃው ሰው ይይዛል። ኋላ በጎንደር የነገሡት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1902 ዓ.ም. ግድም ከካፋ ግዛት ተነሥተው ወደ ሰሜን ሲሾሙ፥ ጭፍራው ቀለቡን እንደሚጭን ሁሉ የገባሩን ልጅና ሚስት እየነዳ ሄደ። በማጂ ቆንስል የነበረው እንግሊዛዊው አርኖልድ ሆድሰን ቀድሞ ሰው የሞላበት አገር ባዶ መቅረቱን ጽፎ አልፏል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የባሪያ ነጻነት ሕግ ወጣ፤ ፍጹም የሚከለክለው አዋጅ የታወጀው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ደን በብዙ ስፍራ የሰው መንደር የነበረ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ከዚሁ ምድር፥ ከጌሻ ጫካ፥ በ1920ዎቹ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ፤ በ1945 ዓ.ም. ወደ ኮስታ ሪካ ተሻገረ፤ እዚያም «ቲ 2722» የሚል ቍጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ሰፈረ፤ ከዚያም ፓናማ ገብቶ በ1996 ዓ.ም. በአገሩ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። የፍሬው ጕዞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይታወቃል። በዚያው መንገድ በሰንሰለት የተነዳው ሰው ግን ስሙ በየትኛውም ጽሕፈት ቤት አልተጻፈም።

የጐደለውን ቦታ የሞላው ሌላ ሰው ነው። ነጋዴው ቡናን ተከትሎ ከሰሜንም ከምሥራቅም መጣ። ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የበበቃ እርሻ፥ በቴፒም ያለው ሰፊ የቡና ተክል በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆነው ሠራተኛውን ከየአቅጣጫው ሳቡ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በድርቅ ምክንያት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ ካፋና ኢሉባቦር ድርሻቸውን ተቀበሉ። ዛሬ የሁለት ከተሞች እኅትማማችነት ተራ ነገር ይመስለናል፤ በንጉሡ ዘመን ግን ሚዛን በካፋ፥ ቴፒ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ነበሩ። ቴፒ የማን ናት የሚለው የአስተዳደር ጥያቄ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. የሸኮና የመዠንግር ሰዎችን ደም እስከ ማፍሰስ አድርሷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ሁለቱም ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ መቀመጫ ተባሉ።

ስለ መዝገቡስ? የፈረንሳዩ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት፥ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልደት፥ ጋብቻና ሞት በየአጥቢያው እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ሕግ መጨረሻ በቍጥር 3361 ድንጋጌው እስኪታዘዝ ድረስ እንዲቆይ ተደረገ፤ ሰውም ልደቱን በምስክር ያስረዳ ጀመር። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ 56 ዓመት ቆየ ማለት ነው። አራተኛው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በየጊዜው እየተላለፈ እስካሁን አልተደረገም፤ ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ሚዛን ሕዝብ በየሪፖርቱ የምናነበው ቍጥር ሁሉ ግምት ነው። የቀበሌው ጸሓፊ ግን ዛሬ በቤንች መንደር የተወለደውን ሕፃን ስም ከአባቱና ከእናቱ ስም ጋር በቅጹ ላይ ይጽፋል።