ካዱ (የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት)

ካዱ በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመ የገጠር ልማት ፕሮጀክት ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ሲሆን፣ ዛሬ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሁሩታም በዚሁ አውራጃ ውስጥ ትገኝ ነበር። ፕሮጀክቱ የአካባቢ ዕድገት በማዕከላዊ መንግሥት የመሬት፣ የቀረጥና የዋጋ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚወሰን በማሳየቱ ይታወቃል።

ሥራው

ካዱ ለአነስተኛ ገበሬዎች ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ፣ ምርታቸውንም ይገዛ ነበር። የከብት ዝርያ ማሻሻል፣ የእርሻ መሣሪያ ሙከራና የመንገድ ሥራም ያካሂድ ነበር። አዳዲስ ዘሮች ከአሰላ አጠገብ በቁሉምሳ ይሞከሩ ነበር። የስንዴ ምርትም በፍጥነት ጨመረ።

የጭሰኞች መፈናቀል

የአውራጃው ብዙ ገበሬዎች ከምርታቸው እኩል ወይም ሲሶ ለባለመሬቱ የሚከፍሉ ጭሰኞች ነበሩ። ስንዴ አትራፊ ሲሆን ባለመሬቶች ጭሰኞቹን አስወጥተው በትራክተር ማረስ ጀመሩ። የ1961–1965 ዓ.ም. ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎችን ያበረታታ ነበር፤ ትራክተርም ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በዚህም መንግሥት በአንድ በኩል ጭሰኛውን በካዱ እየረዳ፣ በሌላ በኩል የሚያፈናቅለውን መሣሪያ አረከሰ።

ስዊድን የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ትጠይቅ ነበር። ረቂቁ ለፓርላማ ቢቀርብም፣ ብዙዎቹ አባላት ባለመሬቶች ስለነበሩ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ አልጸደቀም። ይህን ክፍተት የካዱ ባለሙያዎች ሊሞሉት አይችሉም ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀረ። ካዱም በኋላ መላውን አርሲ እንዲያካልል ተደርጎ አርዱ ተባለ። ይሁን እንጂ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነ ኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። በመሬቱ አዋጅ ከባለመሬቱ ድርሻ ነፃ የወጣው አራሽ፣ አብልጦ ለማምረት የሚያነሣሣው ዋጋ አጣ። የእህል ንግድ ነፃ የሆነው በ1982 ዓ.ም. በተደረገው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ ነው።

ትሩፋቱ

የማዳበሪያና የዘር ብድር አሠራሩ በ1964 ዓ.ም. በጀመረው የአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፍቷል። ቁሉምሳ ዛሬም ዋነኛ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። የካዱ ታሪክ የሚያሳየው፣ የተሻሻለ ዘር ምርትን ሊያሳድግ ቢችልም ትርፉ ለማን እንደሚደርስ የሚወስኑት የመሬት ይዞታ፣ ቀረጥና ዋጋ መሆናቸውን ነው፤ እነዚህ ደግሞ በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ነበሩ።