ቅጂ የማያስቀምጠው ሰርቨር

ሰርቨር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚጮህ ማሽን ነው። ግን ኃይሏን በዩኤስቢ ገመድ የምታገኘው ራስበሪ ፓይ ፒኮ ደብሊው፣ በ264 ኪሎባይት ራም ብቻ፣ ድረ ገጽ ታስተናግዳለች። እንዴት ቻለችው?

ታሪኩ ወደ ስዊድን ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ተመራማሪው አዳም ደንከልስ ኤልደብሊውአይፒ እና ዩአይፒ የተባሉ ሁለት ፕሮግራሞች ጻፈ። ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ሰርቨር የላከው መልእክት መንገድ ላይ ቢጠፋ ድጋሚ መላክ አለበት፤ ስለዚህ ቅጂ ይዞ ይጠብቃል። ቅጂ ደግሞ ራም ይበላል። ዩአይፒ ቅጂ የሚባል ነገር አያስቀምጥም! መልእክቱ ሲጠፋ የድረ ገጹን ፕሮግራም «ያንኑ እንደገና አዘጋጅልኝ» ይለዋል። ይዘገያል፣ አንክድም። ግን በ2003 በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 እንኳ በዚሁ ዘዴ ሰርቨር ሆነ።

እኛን ይበልጥ የገረመን ሌላ ነው። ያኔ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በገንዘብ ይሸጡ ነበር፤ እሱ ግን ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው። በ2022 የወጣችው ፒኮ ደብሊው ዛሬም ከኢንተርኔት ጋር የምታወራው በኤልደብሊውአይፒ ነው።