ማር ለቁስልና ለቆዳ ሕመም፤ የአንድ ጥንታዊ መድኃኒት ታሪክ

በ1862 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በግብጽ አገር፣ በሉክሶር ከተማ፣ አንድ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ ነበር። ጀምስ ብሬስተድ በ1930 ተርጉሞ ሲያሳትመው 48 የጉዳት ዓይነቶች ተዘርዝረውበት ተገኙ። ለብዙዎቹ ቁስሎች የታዘዘውም ሕክምና ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ሥጋ እንዲታሰርበት፣ ከዚያም እስኪድን ድረስ በየቀኑ ስብና ማር በተባዘተ ክር እንዲደረግበት የሚያዝዝ ነው።

ይህ ልማድ በግብጽ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዲስ ማር ለጎድጓዳ ቁስልና ፀሐይ ላቃጠለው ቆዳ እንደሚበጅ ጽፏል። በኢትዮጵያም ጣዝማ ከመሬት ውስጥ የምትሠራው ማር ከምግብነቱ ይልቅ በመድኃኒትነቱ ሲፈለግ ኖሯል።

ይሁን እንጂ ማር ቁስልን የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። በ1892 ቫን ኬተል የተባለ ሆላንዳዊ ማር ባክቴሪያን እንደሚገታ ገለጸ። በ1937 ጀርመናዊው ዶልድና ባልደረቦቹ ለዚህ ኃይል «ኢንሂቢን» የሚል ስም ሰጡት። ስሙ ተገኘ እንጂ ምንነቱ ገና አልተገለጠም ነበር። በ1963 ዋይትና ባልደረቦቹ ምስጢሩ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መሆኑን አስረዱ። ንቧ በማሩ ውስጥ የምትጨምረው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም፣ ማሩ በቁስሉ እርጥበት ሲቀጥን ይህን ንጥረ ነገር ጥቂት በጥቂት ያመነጫል። በተጨማሪም የማሩ ስኳር ከባክቴሪያው ውሃ ይስባል፤ አሲድነቱም ዕድገቱን ይገታል።

የሚያሳዝነው ግን ማብራሪያው በተገኘበት ጊዜ መድኃኒቱ ከሐኪም ቤት ወጥቶ መቅረቱ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፔኒሲሊንና ተከታዮቹ ስፍራውን ስለያዙ፣ ማር የባላገር መድኃኒት ተብሎ ተናቀ። መልሶ ያስታወሰው እነዚያው መድኃኒቶች የማይበግሯቸው ባክቴሪያዎች መበራከት ነው። በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በማር የተዘጋጀ የቁስል መሸፈኛ ለገበያ እንዲቀርብ ፈቀደ።

ከቆዳ ሕመምም አንፃር በ2001 አልዋይሊ የተባለ ሐኪም ያሳተመው ጥናት ይጠቀሳል። ፎረፎርና ሴቦሪክ ደርማታይተስ የያዛቸው 30 ሰዎች በለብታ ውሃ የቀጠነ ማር በየሁለት ቀኑ እየተቀቡ ለሦስት ሰዓት አቆዩት፤ ማሳከኩና ቅርፊቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ መቀባቱን ለስድስት ወር ከቀጠሉት 15 ሰዎች በአንዱም ላይ ሕመሙ አላገረሸም፤ ካቋረጡት 15 መካከል ግን በ12ቱ ላይ ተመለሰ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የታማሚዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማም እንዲሁ ሚዛናዊ ነው። ማር ጥልቀት የሌለውን ቃጠሎ ከተለመዱት መሸፈኛዎች ከአራት እስከ አምስት ቀን አስቀድሞ እንደሚያድን ሲመሰክር፣ በደም ሥር ችግር ለሚመጣ የእግር ቁስል ግን ግልጽ ጥቅም አላገኘለትም።

እንግዲህ አንዲት እናት የተቃጠለ ልጇን ማር ቀብታ ወደ ጤና ጣቢያ ብታመጣ፣ ባለሙያው ምን ሊላት ይገባል? ልማዷን መናቅ ታሪክንም ሳይንስንም መርሳት ይሆናል፤ ዝም ብሎ ማለፍም ስንፍና ነው። ቃጠሎ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ መታጠብ እንዳለበት፣ ከገበያ የተገዛው ማር ስኳር የተቀላቀለበት ወይም በእሳት ሞቆ ኤንዛይሙ የጠፋ ሊሆን እንደሚችል ሊያስረዳት ይገባል። ለሕክምና የሚውለው ማር የቦቱሊዝም ዘር እንዳይኖርበት በጋማ ጨረር የሚጸዳ መሆኑን፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ማር ማብላት አደገኛ መሆኑን ሊነግራት ይገባል። እንዲህ ያለው ባለሙያ የእናቲቱን እምነት ሳያጣ ልጁን ያድናል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ሳትፈራ ወደ እርሱ ትመጣለች።