ነባር ነውን ወይስ እንግዳ?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በሐይቅ ውስጥ የሚገኝ ዓሣ ከጥንት የነበረ ነው ወይስ ሰው ያመጣው ነው? ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ ሊመስልዎ ይችላል። ነገር ግን በመልሱ ላይ ብዙ ነገር የተመሠረተ መሆኑን የናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣ ታሪክ ያስረዳናል።

ይህ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችልና ሌሎችን ዓሦች እየበላ የሚኖር ዓሣ በእኛው በጫሞ ሐይቅ ይገኛል። ጫሞን ዛሬ ከዓባይ ጋራ የሚያገናኘው ውሃ የለም፤ ታዲያ የዓባይ ዓሣ በምን መንገድ ደረሰ? የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ በጥንቱ የዝናም ዘመን የአባያና የጫሞ ውሃ ሞልቶ ወደ ጨው ባሕር፥ ከዚያም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈስ ነበር፤ ቱርካናም በበኩሉ ሞልቶ ከዓባይ ገባሮች ጋራ ይገናኝ ነበር። ስለዚህ ዓሣው በጫሞ ነባር ነው፤ ያመጣው ውሃው ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ዩጋንዳ፥ ኬንያና ታንዛኒያ በሚካፈሉት በቪክቶሪያ ሐይቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዓሣው ከአልበርት ሐይቅ ተነሥቶ ወደዚያ እንዳይወጣ የመርቺሰን ፏፏቴ አግዶት ኖሯል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1929 ማይክል ግራሃም የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የሐይቁን ዓሣ መርምሮ ባወጣው ጽሑፍ፥ እንዲህ ያለውን ዓሣ ማስገባት አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። ሆኖም በ1950ዎቹ ዓመታት በስውር፥ በ1962 እና በ1963 ደግሞ በይፋ ተለቀቀ።

ምናልባት፥ «በሐይቁ ውስጥ ባለችው በሩሲንጋ ደሴት የዚህ ዓሣ ወገን አጥንት ከድንጋይ ውስጥ ተገኝቷልና ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ እንግዳ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የድንጋዩ ዕድሜ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲሆን፥ ሐይቁ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላውም። አጥንት ቆጥሮ ርስት መጠየቅ በሰው ዘንድ የታወቀ ወግ ነበር፤ ለዓሣ ግን አይሠራም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዓሣው እጅግ ተራባ። ሥጋው ወደ አውሮጳ እየተላከ ለብዙዎች እንጀራ ሆነ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን በሐይቁ ከነበሩት 500 ያህል የትናንሽ ዓሦች ዓይነቶች ውስጥ 200 የሚያህሉት እንደ ጠፉ ሊቃውንት ይገምታሉ። እነዚያ በሌላ በየትም ስፍራ የማይገኙ ነበሩ።

እንግዲህ አንድ ቀን ዓሣ ወደ ሐይቅ ለመልቀቅ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከጠረጴዛዎ ቢደርስ፥ ከመፈረምዎ በፊት የዓሣውን አገር ይጠይቁ። የተፈረመ ወረቀት ሊሻር ይችላል፤ የተለቀቀ ዓሣ ግን ተመልሶ አይሰበሰብም።